ጣሳ ማለት ስንት ነው? ስለ ምሥጢር ቅቤ የተደረገ ስብሰባ

በኩዌት የሳልሚያና አካባቢዋ ኢትዮጵያውያን የወሊድና የሐዘን መረዳጃ ማኅበር
የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ዓርብ ሐምሌ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ሳልሚያ፣ ማኅበሩ ለዓርብ ዓርብ የተከራየው ክፍል፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሊፍቱ ተበላሽቷል።
የተጀመረበት ሰዓት፦ በጥሪው መሠረት ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በእውነቱ ከ8 ሰዓት በኋላ።

የተገኙ አባላት፦

1. አቶ ፍሥሐ፣ ሰብሳቢ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር። አገር ቤት ሳሉ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ እንደነበሩ በየስብሰባው ያስታውሱናል፤ ዛሬም አስታውሰዋል።
2. ወ/ሮ ተዋበች፣ ምክትል ሰብሳቢና ንብረት ያዥ። ጀህራ አንዲት ማዳም ቤት ይሠራሉ፤ እረፍታቸው ዓርብ ነው።
3. ወንድም ሚኪያስ፣ አባል። የኤሲ ጠጋኝ። የጴንጤዎቹ ኅብረት ዘማሪ ስለሆኑ «አቶ» መባል አይፈልጉም።
4. ወ/ሮ ዮርዳኖስ፣ አባል። እዚሁ ሳልሚያ ፀጉር ቤት ይሠራሉ።
5. አቶ ማርቆስ፣ አባል። የአራሷ ባል።
6. ኤልሳ፣ ጸሐፊ። ባለፈው ዓመት እጇን ልትታጠብ በወጣችበት በሙሉ ድምፅ የተመረጠች።

ምልዓተ ጉባኤ፦ የኮሚቴው አባላት እርስ በርስ ስለማይተማመኑ ደንቡ «ስድስቱም ካልተገኙ የተወሰነው አይጸናም» ይላል። ስድስቱም ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል ተባለ።

የስብሰባው መነሻ

የአቶ ማርቆስ ባለቤት ወ/ሮ ምሥጢር በሰኔ መጨረሻ በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ተገላግለው ፊንጣስ ቤታቸው ተኝተዋል። የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። የማኅበሩ ደንብ አንቀጽ ዘጠኝ እንዲህ ይላል፦ «አባል ወይም የአባል ሚስት ስትወልድ ኮሚቴው አንድ ጣሳ ንጥር ቅቤ ይዞ በአንድነት ይጠይቃታል። ባዶ እጅ አራስ መጠየቅ ነውር ስለሆነ ክልክል ነው።»

ደንቡ በጸደቀ ዕለት ጣሳ ማለት ስንት እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ጣሳ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የት ይገኛል? ችግሩ ሁሉም የሚያውቀው የየራሱን ጣሳ መሆኑ ነው። ጣሳው ስንት እንደሆነ ካልተወሰነ ቅቤው አይወጣም፤ ቅቤው ካልወጣ ደግሞ አይኬድም። በዚህ ምክንያት ወ/ሮ ምሥጢር ከወለዱ ጀምሮ ከማኅበሩ አንድም ሰው ደጃቸውን አልረገጠም። ይህን ጸሐፊዋ የምትጽፈው እያፈረች ነው፤ እሷም አልሄደችምና።

አጀንዳ አንድ፦ ስብሰባውን መክፈትና ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ወንድም ሚኪያስ በጸሎት እንዲከፍቱ ተጋበዙ። ጸሎቱ የኩዌትን አሚር፣ የኢትዮጵያን ሕዝብ፣ የሕንፃውን ሐሪስ (ዘበኛውን) እና የተበላሸውን ሊፍት ያካተተ ነበር። አቶ ፍሥሐ መሐል ላይ ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው «አሜን» በማለት ለማስቆም ሞክረዋል። ወንድም ሚኪያስ ይህን ማበረታቻ መስሏቸው ቀጥለዋል።

ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነበበ። የተወሰነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም «የጣሳው ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታይ» የሚል ነው። ወ/ሮ ተዋበች «ወ/ሮ ተዋበች ጮኹ» ተብሎ የተጻፈው «ወ/ሮ ተዋበች አስረዱ» ተብሎ እንዲታረም ጮኸው ጠየቁ። ታርሟል።

አቶ ማርቆስ እጃቸውን አውጥተው፣ ሚስታቸው ብቻዋን እንደሆነችና እሳቸውም ከዚህ ቶሎ መሄድ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ሰብሳቢው ንግግሩ በአጀንዳ ያልተያዘ መሆኑን ገልጸው አመሰገኗቸው።

አጀንዳ ሁለት፦ የአቶ ማርቆስ አቀማመጥ

ወ/ሮ ዮርዳኖስ አቶ ማርቆስ የቅቤው ተጠቃሚ ቤተሰብ ስለሆኑ በውይይቱ መቀመጥ እንደማይገባቸው አመለከቱ። ገንፎው ሲበላ ከጎን ማንኪያ እንደሚያነሱ የታወቀ ነው አሉ። አቶ ማርቆስ «እሺ፣ እንግዲያው ወደ ቤቴ ልሂድ» ብለው በደስታ ተነሱ። ሰብሳቢው ግን አስቀመጧቸው። አቶ ማርቆስ ከወጡ አምስት እንቀራለን፣ ምልዓተ ጉባኤው ይፈርሳል። ከተቀመጡ ደግሞ ውሳኔው አድልዎ አለበት ይባላል።

ከረጅም ውይይት በኋላ

ውሳኔ አንድ፦ አቶ ማርቆስ የበሩ ደፍ ላይ ይቀመጡ፣ አንድ እግራቸው ውስጥ አንድ እግራቸው ውጭ ይሁን። ውስጥ ያለው እግር ለምልዓተ ጉባኤው ይቆጠራል። ውጭ ያለው እግር በውይይቱ አልተሳተፈም ተብሎ ይያዛል።

በዚህ ምክንያት በሩ ተከፍቶ ስለቀረ ወንድም ሚኪያስ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። ራሳቸው የጠገኑት መሆኑን ተናገሩ። ውስጥ ያለው የአቶ ማርቆስ እግር እየደነዘዘ፣ የውጩ እየተቀቀለ ቀጠልን።

አጀንዳ ሦስት፦ ጣሳ ማለት ስንት ነው?

ወ/ሮ ተዋበች ከላስቲክ ከረጢት ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ በጡጫ አስቀመጡ። እናታቸው በዚህ ልክ ሰፈሩን ሁሉ እንዳስተዳደሩ ገለጹ። ወተት በጣሳ ነው፣ ጠላ በጣሳ ነው፣ ላምባ በጣሳ ነው፤ ጣሳው ታጥቦ ነው ታዲያ፣ አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር። ከጋኑ የሚቀዳው በጣሳ፣ እግር የሚታጠበው በጣሳ፣ አሮጌ ሲሆን ጤና አዳም የሚተከለው በጣሳ ነው። «እና ይሄን ትልቁን ጣሳ ያላየ ሰው ኮሚቴ ውስጥ ምን ይሠራል?» ሲሉ ጠየቁ። ሲናገሩ ዓይናቸው ወ/ሮ ዮርዳኖስ ላይ ነበር።

ወ/ሮ ዮርዳኖስ ከቦርሳቸው የቲማቲም ድልህ ጣሳ አወጡ። በቁመት ከመዳፍ አያልፍም። አዲስ አበባ ሰፈራቸው ውስጥ ሱቅ ዘይት የሚቀዳው በዚህ ብቻ እንደሆነ፣ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ባልዲ እንጂ ጣሳ እንደማይባል አስረዱ። ወ/ሮ ተዋበች፣ ወ/ሮ ዮርዳኖስ ራሳቸው የዛሬ ሁለት ዓመት ሲወልዱ ማኅበሩ በትልቁ ጣሳ ሞልቶ እንደወሰደላቸው አስታወሱ። ያኔ «ኧረ ባልዲ ነው፣ መልሱልኝ» ሲሉ እንዳልተሰሙም ጨመሩ። ወ/ሮ ዮርዳኖስ ያኔ መንታ መውለዳቸውን ገልጸው አለቀሱ። መንታ መውለዳቸው እውነት ነው።

ወንድም ሚኪያስ ሊትር የሚል ምልክት ያለበት የፕላስቲክ ጆግ ከኅብረቱ ወጥ ቤት ይዘው መጥተዋል። ዓለም በሊትር እየሄደ እኛ በጣሳ መጨቃጨቃችን እንደሚያሳዝናቸው ተናገሩ። ወ/ሮ ተዋበች በሊትር የተጠየቀች አራስ እንደ መኪና ዘይት የተቀየረላት እንጂ የተጠየቀች እንደማትባል መለሱ። ወንድም ሚኪያስ ቃሉ ስድብ ይሁን አይሁን እንዲወሰንላቸው ጠየቁ። ጉዳዩ ለልዩ ልዩ አጀንዳ ተላለፈ።

ሰብሳቢው በበኩላቸው ወረዳ ሳሉ በመንግሥት ደረጃ ይሠራበት የነበረውን ጣሳ አምጥቻለሁ ብለው ከአውቶቡሳቸው የሞተር ዘይት ጣሳ አመጡ። አፍንጫችንን ያዝን። ለመለኪያ ብቻ እንጂ ለምግብ እንዳልሆነ አስረዱ። ጸሐፊዋ ቅቤ የሚለካው በምን ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ጠየቀች። የጸሐፊ ሥራ መጻፍ እንደሆነ ተነገራት። ይኸው ጽፋለች።

ከዚያ የምርቃት ነገር ተነሳ። ወ/ሮ ተዋበች፣ ገበያ ላይ ጣሳው እስከ አፍ ገደፉ ከሞላ በኋላ ሻጭዋ ከላይ ጠብ የምታደርገው ምርቃት የጣሳው አካል መሆኑን፣ ያለ ምርቃት የተሰጠ ጣሳ እንደተሰረቀ እንደሚቆጠር አብራሩ። ወ/ሮ ዮርዳኖስ ምርቃት የሻጭ ደግነት እንጂ የገዢ መብት አይደለም አሉ። ወንድም ሚኪያስ ሞልቶ የነበረ ዕቃ ላይ የሚጨመረው ምርቃት የት ሊቀመጥ እንደሚችል በሳይንስ ጠየቁ። ወ/ሮ ተዋበች «እጅህን ዘርግተህ ትቀበላለሃ! አገርህ የት ነው አንተ?» አሉ። በዚህ ጊዜ ሦስቱም አንድ ላይ ስለተናገሩ ጸሐፊዋ የሰማችው «ሌባ»፣ «ባልዲ» እና «በኢየሱስ ስም» የሚሉትን ብቻ ነው።

ከረጅም ውይይት በኋላ

ውሳኔ ሁለት፦ ጣሳ ማለት ለአንዲት አራስ የሚበቃ መጠን ነው። ለአንዲት አራስ የሚበቃው መጠንም አንድ ጣሳ ነው። (በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ተጨበጨበ።)

ውሳኔ ሦስት፦ ምርቃት ይጨመር። ሁለቱንም ወገን ለማስማማት ከተጨመረ በኋላ ይቀነስ።

አቶ ማርቆስ ከደፉ ላይ ሆነው፣ ስልካቸው ደጋግሞ እየጮኸ መሆኑንና ባለቤታቸው የድምፅ መልእክት መላካቸውን ተናገሩ። ሰብሳቢው መልእክቱ በጽሑፍ እንዲቀርብ አዘዙ። አቶ ማርቆስ ጊዜ የለኝም ብለው ስልኩን ከፍ አድርገው ከፈቱት። ጸሐፊዋ ቃል በቃል መዝግባዋለች፦

«ማርቄ፣ የት ነህ? ያቺ ስብሰባ አላለቀችም? በእመቤቴ ቅቤው ይቅርብኝ። በጣሳም በማንኪያም ይቅር። አንድ ሴት ብቻ ላክልኝ። ልጅቱን ማጠብ አልቻልኩም፣ ትንሸራተትብኛለች፣ እፈራለሁ። እማዬ በስልክ እያየች እንዲህ አድርጊ ትለኛለች፣ በስልክ አይሆንም። ስፌቴም ያመኛል። ሰው ነው የናፈቀኝ፣ በቃ ሰው። እነ እትዬ ተዋቡ ምን አድርጌያቸው ነው?»

  ሰብሳቢው አራሷ የኮሚቴ አባል ስላልሆኑ ንግግራቸው በታዛቢነት እንዲያዝ አስታወቁ። ለጥያቄያቸውም መልሱ ቅቤው መሆኑን፣ ቅቤውም በቶሎ መለካት እንዳለበት አሳሰቡ። ወ/ሮ ተዋበች ዓይናቸውን ጠራርገው «ይለካ፣ ይለካ፣ ያላ!» አሉ። ሁላችንም ለካን።

አጀንዳ አራት፦ ቅቤውን መለካት

በቅድሚያ ንብረት ያዥዋ ስለ ቅቤው ሪፖርት አቀረቡ። ቅቤው ከአገር ቤት በትንሽ ቢጫ ጀሪካን የመጣ ሲሆን እስከ ዛሬ የቆየው ጀህራ፣ በማዳም ፍሪጅ ውስጥ ነው። ማዳም ሽታውን ሰምታ ልትጥለው ስትል ወ/ሮ ተዋበች «ማዳም፣ የፀጉር መድኃኒት ነው» ብለው አድነውታል። ጉዳቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ማዳም መድኃኒቱን ፈልጋ ራሷን በደንብ ተቀባች፤ ባሏ፣ ባባ፣ ደግሞ ያን ሰሞን ሳሎን እንደተኛ ተሰምቷል። ስለዚህ ቅቤው ሲመጣ ከነበረው ጥቂት ጎድሏል። ሪፖርቱ ተቀባይነት አገኘ። ወ/ሮ ዮርዳኖስ የማዳም ፀጉር አሁን እንዴት እንደሆነ ጠየቁ። «ሐር» ተባሉ።

ዕለቱ ዓርብ ስለሆነ ጾመኞቹ አባላት ቅቤውን መቅዳት እንጂ መቅመስ አልቻሉም። ስለዚህ ቅምሻው ለወንድም ሚኪያስ ተሰጠ። አራሷ ግን አራስ ስለሆነች ጾም እንደማይመለከታት ወ/ሮ ተዋበች በቅድሚያ አስመዝግበዋል።

ውሳኔ አራት፦ ቅቤው በአራቱም መለኪያ ተራ በተራ ይሰፈር። የየትኛው ልክ ከየትኛው እንደሚበልጥ በዓይን ይታይ።

ቅቤው በምድጃ ላይ ለስለስ ተደርጎ ወደ ትልቁ ጣሳ ተገለበጠ። ጢም አለ፣ ምርቃት ተጨመረ፣ በውሳኔ ሦስት መሠረት ምርቃቱ ተቀነሰ። የተቀነሰው በድልህ ጣሳው ተያዘ። ከትልቁ ጣሳ ወደ ጆጉ ተገለበጠ። ወንድም ሚኪያስ ስንት ሊትር እንደሆነ ሊናገሩ ሲሉ ወ/ሮ ተዋበች ጆጉ ተንጋዶ ተይዟል ብለው ስለተቃወሙ ወደ ጣሳው ተመለሰ። አሁን ጣሳው አልሞላም። ወ/ሮ ተዋበች ጆጉ ሰርቋል አሉ። ጆጉ እንዳልሰረቀ ለማሳየት እንደገና ተገለበጠ፤ አሁን ጆጉም ጎደለ። ወንድም ሚኪያስ ጣሳው ሰርቋል አሉ። ሰብሳቢው «የመንግሥት» ያሉት ጣሳ እንዲያስታርቅ አዘዙና፣ ጸሐፊዋ እየተቃወመች፣ የተወሰነው ቅቤ ወደ ሞተር ዘይቱ ጣሳ ገባ። ያ ቅቤ ከዚያ ወዲያ ለሰው የሚሆን አልነበረም። ሰብሳቢው ለአውቶቡሱ በር ማጠፊያ ጥሩ እንደሚሆን ጠቁመዋል።

ኤሲው እስከ መጨረሻው ስለተከፈተ ቅቤው በተገለበጠ ቁጥር ግማሹ ከዕቃው ግድግዳ ላይ እየረጋ ይቀራል። ወንድም ሚኪያስ የረጋውን በጣታቸው እየጠረጉ ወደ ሌላው ዕቃ ያሻግሩ ነበር፤ ሁሉንም አይደለም። ወ/ሮ ተዋበች፣ ወንድም ሚኪያስ ጣታቸውን ሲልሱ በዓይናቸው አይተው «ይሄ ጴንጤ ጨረሰው!» አሉ። ወንድም ሚኪያስ «ጴንጤ» የሚለው ቃል እንዲሰረዝ ጠየቁ። ወ/ሮ ተዋበች ተስማምተው «ይሄ ላሽ ጨረሰው» ተብሎ እንዲጻፍ ፈቀዱ። ወ/ሮ ዮርዳኖስ ጾመኛ ስለሆኑ ያልቀመሱ ቢሆንም፣ እጃቸው ላይ የቀረውን በፀጉራቸው ጫፍ ሲያብሱ ታይተዋል። ሰብሳቢው የቅቤውን ጥራት በእጃቸው ጀርባ ላይ እየቀቡ መርምረዋል፤ ሁለቱንም እጅ መርምረዋል። ጸሐፊዋም ንጹሕ አይደለችም። ይህን ወረቀት ያየ ሰው ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ቅቤ ጠጥቶ ማዶው እንደሚታይ ያውቃል።

ከዚህ በኋላ ያለው ቅቤ ሁሉ አንድ ላይ ተሰብስቦ ወደ ድልህ ጣሳው ተገለበጠ። የድልህ ጣሳውንም አልሞላም።

ሁላችንም ተጎንብሰን አየን። ከጀሪካን ሙሉ ቅቤ ተነስተን በዚህ ክፍል ውስጥ የቅቤ ሽታ የሌለው ነገር የለም፤ ጠረጴዛው፣ ጆጉ፣ የሰብሳቢው ሰዓት፣ የበሩ እጀታ። ጣሳ ውስጥ ግን የለም።

ከረጅም ውይይት በኋላ

ውሳኔ አምስት፦ ቅቤው የት እንደገባ የሚያጣራ ሦስት አባላት ያሉት ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም። ወንድም ሚኪያስ ይምሩት። የአራሷ ጥየቃ የማጣሪያው ውጤት እስኪቀርብ ይቆይ።

በዚህ ጊዜ አቶ ማርቆስ ውስጥ የነበረውን እግራቸውን አወጡ።

ሰብሳቢው እግሩ እንዲመለስ በሥርዓት ጠየቁ። አቶ ማርቆስ ቆሙ። እዚህ ሰውዬ ላይ እስከ ዛሬ ቁጣ አይተን አናውቅም። «ጋሽ ፍሥሐ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ወደ ሚስቴ ልሄድ ነው። ባዶ እጄን» አሉ። ሰብሳቢው ባዶ እጅ በአንቀጽ ዘጠኝ ክልክል መሆኑን አስታወሱ። ወ/ሮ ዮርዳኖስ አንቀጹ ባልን ይመለከት እንደሆነ ጠየቁ። ወንድም ሚኪያስ ባል ጠያቂ ነው ወይስ ተጠያቂ የሚለው መጀመሪያ መለየት አለበት አሉ። ይህ ውይይት ሲጀመር አቶ ማርቆስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነበሩ፤ የእግራቸው ድምፅ ይሰማል።

ጸሐፊዋ በራሷ ሥልጣን ተነሳች። ሥልጣን የላትም፤ ግን ተነሳች። ከሞተር ዘይቱ በስተቀር ጣሳዎቹን፣ ጆጉንና ጀሪካኑን በሳፋ ከታ፣ ቃለ ጉባኤውን በብብቷ ይዛ ወጣች። ወ/ሮ ተዋበች «ጣሳዬን! የእናቴን ጣሳ!» እያሉ ተከተሏት። ወ/ሮ ዮርዳኖስ የድልህ ጣሳቸውን፣ ወንድም ሚኪያስ የኅብረቱን ጆግ ተከትለው ወጡ። አቶ ፍሥሐ ብቻቸውን ቀርተው ለጥቂት ጊዜ ግድግዳውን በሰብሳቢነት መርተዋል። ከዚያም ቃለ ጉባኤው ባለበት ስብሰባው አለ በማለት መጡ።

ደረጃው ላይ ኤሲ የለም። የሐምሌ ሙቀት ነው። ከሁለተኛው ፎቅ ስንደርስ በየጣሳው ግድግዳ ላይ ረግቶ የነበረው ቅቤ በራሱ ጊዜ ቀልጦ ሳፋው ውስጥ መውረድ ጀመረ። ወንድም ሚኪያስ ይህ የሚጠበቅ እንደነበረ ተናገሩ። 

አጀንዳ አምስት፦ በአውቶቡስ ውስጥና በፊንጣስ የተካሄደው

ኮሚቴው በሰብሳቢው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ አቶ ማርቆስን ከአውቶቡስ ማቆሚያው አንስቶ ወደ ፊንጣስ ተጓዘ። ከዚህ በታች ያለው ጽሑፍ የተንቀጠቀጠው በመንገዱ ሳይሆን በአነዳዱ ነው። የሕፃናት ወንበር ላይ የተቀመጡት ወ/ሮ ተዋበች ሳፋውን ጭናቸው ላይ አቅፈው መንገዱን ሙሉ ዝም አሉ። ይህ በማኅበሩ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ልክ ሊደረስ ሲል «ምን አድርጌያቸው ነው አለች» ብለው ለራሳቸው ተናገሩ። ለራሳቸው የተናገሩት ስለሆነ መመዝገብ አልነበረበትም፤ ጸሐፊዋ መዝግባዋለች።

በሩን ወ/ሮ ምሥጢር ራሳቸው ከፈቱ። ፀጉራቸው ተንጨብሯል፣ በአንድ እጃቸው ሆዳቸውን ይዘዋል። ሕፃኗ በፎጣ ተጠቅልላ ታለቅሳለች። ስድስታችንንም አዩን። ማን ምን እንደሚል ስላልተወሰነ ማንም ምንም አላለም።

ወ/ሮ ተዋበች ሳፋውን ለሰብሳቢው አስታቀፉና ልጅቱን ተቀበሉ። «እሰይ! እንኳን ማርያም ማረችሽ! ነይ የኔ ቆንጆ፣ ነይ እስቲ ለእትዬ፣ አይዞሽ» እያሉ ገቡ። ለብ ያለ ውሃ አስመጥተው ልጅቱን በግራ ክንዳቸው ላይ አጋደሙ፤ ወ/ሮ ምሥጢር አጠገባቸው ቆመው እጃቸው እንዴት እንደሚሄድ ሲያዩ ቆዩ። ለቅሶው ቆመ። ወንድም ሚኪያስ ኤሲው ሕፃን ላይ እንደሚነፍስ አይተው ሳይጠየቁና ሳይጸልዩ አቅጣጫውን ቀየሩት። ወ/ሮ ዮርዳኖስ አራሷን አስቀምጠው ፀጉራቸውን መፍታት ጀመሩ። አቶ ማርቆስ ወጥ ቤት ገብተው የገብስ ዱቄት ሲፈልጉ ጨው አገኙ። ጸሐፊዋ አግዛቸዋለች።

በዚህ መካከል የወ/ሮ ተዋበች ማዳም ከጀህራ ደውላ የት እንዳሉ ጠየቀች። ወ/ሮ ተዋበች ሕፃኗን በፎጣ እያደረቁ «ሚቲንግ ላይ ነኝ ማዳም፣ ትልቅ ሚቲንግ» ብለው ዘጉ።

ገንፎው ቀረበ። ሳፋው ውስጥ የተጠራቀመው ቅቤ መሐሉ ላይ ገባ። አነሰ ወይም በዛ ያለ አልነበረም። ወ/ሮ ምሥጢር በላች። ጸሐፊዋ «በሉ» ብላ መጻፍ ነበረባት፤ ግን ሲበሉ ያየቻቸው እንደ ልጅ ነው፣ ጎንበስ ብለው፣ ቶሎ ቶሎ።

ሰብሳቢው አመቺ ጊዜ መስሏቸው፣ አራሷ አንድ ጣሳ ቅቤ መቀበላቸውን በቃል እንዲያረጋግጡ ጠየቁ። ወ/ሮ ምሥጢር ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ጋሼ፣ እሱን ተዉትና አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። «ሳልሚያ ሩቅ ነው? እኔ የምቀየማችሁ ሰው ነኝ? እስከ ዛሬ ምን ከለከላችሁ?»

ሰብሳቢው ወደ ምክትላቸው ተመለከቱ። ወንድም ሚኪያስ ኤሲውን ተመለከቱ። ወ/ሮ ዮርዳኖስ ማበጠሪያውን ፀጉር ላይ እንዳደረጉ ቆሙ። ጸሐፊዋ የምትጽፈው ነገር ስላልነበራት ወረቀቱን ተመለከተች። 

ከዚያ ወ/ሮ ተዋበች «ጣሳ» አሉ።

«ምን?»

«ጣሳ፣ የኔ ልጅ። ጣሳ ስንት ነው ስንባባል ነበር።»

ወ/ሮ ምሥጢር መጀመሪያ የምር መሆኑን ለማወቅ ፊታችንን አንድ በአንድ አዩ። የምር መሆኑን ሲያውቁ ሳቁ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ «ስፌቴ! በእመቤቴ ስፌቴ ይፈታል!» እያሉ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቁ። እኛም ሳቅን፤ ሰብሳቢው ሳይቀሩ። ከዚያ አራሷ ሳቃቸው ሳይቆም ለቅሶ ሆነ። ወ/ሮ ተዋበች ሕፃኗን ለጸሐፊዋ ሰጥተው አራሷን አቅፈው ተቀመጡ። «አይዞሽ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሁላችን ነው። ሰው አይደለንም» አሉ። ይህ ንግግር እንዲታረም ማንም አልጠየቀም።

ያለ ምንም ውይይት የተላለፈ ውሳኔ

አቶ ማርቆስ እግራቸውን ካወጡ ጀምሮ ምልዓተ ጉባኤ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሳይነሳ፣ ከውሳኔ አንድ እስከ ውሳኔ አምስት ያለው በሙሉ ተሽሯል። ንዑስ ኮሚቴው ሳይቋቋም ፈርሷል። ያለፈው ስብሰባ ውሳኔም ተሽሯል። አንቀጽ ዘጠኝ ከነጣሳው ተሰርዟል። በምትኩ፦ አባል ወይም የአባል ሚስት መውለዷን የሰማ በሰማበት ቀን ይሂድ። ያለውን ይያዝ፣ የሌለው እጁን ይዞ ይሂድ።

አቶ ፍሥሐ «በሰማበት ቀን» የሚለው ቃል ትርጉም እንዲሰጠው ጠይቀው ነበር። ሕፃኗ ስለጮኸች ጥያቄያቸው አልተሰማም።

ስብሰባው ከቀኑ 12 ሰዓት ላይ ተዘግቷል። የሄደ ግን የለም።

ጸሐፊ፦ ኤልሳ (በግራ እጅ የተፈረመ፤ ቀኝ እጇ ሕፃን ይዟል)